አሥራ አንድ ቀን ያልተለወጠው ቁጥር

ማላኪ ዶሊን የመለኪያ ዘንጉን ትከሻው ላይ አጋድሞ የባቡር ሐዲዱ ከሚያልፍበት የአፈር ሙሌት አናት ወደ ችካሉ ሲወርድ ሁለት ጊዜ አዳለጠው። በሁለተኛው በቂጡ ተቀምጦ እስከ ችካሉ ድረስ ተንሸራተተ፤ ዘንጉን ግን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ እንደያዘ ነበር። ዘንጉ ቢሰበር ቀያሹ ሚስተር ሃስኬት አይቆጣም። ዝም ብሎ ያየዋል። ማላኪ ቁጣ ለምዷል፤ በአየርላንድም በኦማሃም ያሠሩት አለቆች ሁሉ ጯኺዎች ነበሩ። ያንን ዝምታ ግን እስከ ዛሬ አልለመደውም።

«አቁመው!» አለ ሃስኬት ከላይ።

ማላኪ ጭቃውን ሳያራግፍ ተነስቶ ዘንጉን ችካሉ ራስ ላይ በተመታው የመዳብ ምስማር ላይ አቆመ። ዘንጉ አሥራ ሁለት ጫማ ይረዝማል፤ እያንዳንዱ ጫማ በመቶ ጭረት ተከፍሏል። ከሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ ለሙኤል ሃስኬት ባርኔጣውን ወደ ኋላ አዙሮ፣ በሦስት እግር በቆመው መነጽር ላይ ጎንበስ ብሏል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለሰሜኑ ጦር ድልድይ ሲለካ የኖረ ሰው ነው። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሽበቱ ግን የሃምሳ ዓመት ሰው ያስመስለዋል።

«ዘጠኝ ከሠላሳ አንድ» አለና ጻፈ።

ሥራቸው ይኸው ነበር። ዘንጉ የቆመበት ቦታ ዝቅ ካለ በመነጽሩ የሚታየው ቁጥር ይጨምራል። በየጠዋቱ መጀመሪያ ችካሉን ይለካሉ፤ ከዚያ ሙሌቱ አናት ላይ የተመቱትን ሰባት ካስማዎች በተራ። ችካሉ ከሙሌቱ ውጪ፣ የኮረብታው ድፍን መሬት ላይ ስለተተከለ አይንቀሳቀስም። ሙሌቱ ከወረደ ካስማዎቹ ከችካሉ ጋር ያላቸው ልዩነት ይለወጣል። በረዶው መቅለጥ ከጀመረ አሥራ አንድ ቀን ሆነ፤ ልዩነቱ በአሥራ አንዱም ቀን የፀጉር ያህል አልተለወጠም።

ይህ ማላኪን ደስ ሊያሰኘው ይገባ ነበር። ግን እግሩ ሥር የሚሰማው ሌላ ነው። በሙሌቱ ሆድ ውስጥ ውሃ ይንጠባጠባል።

ላርክ ክሪክ የተባለውን ጅረት የሚሻገረው ይህ ሙሌት ስልሳ ጫማ ከፍታ፣ አራት መቶ ጫማ ርዝመት አለው። በጥር ወር የተሠራ ነው። ያኔ የዩታ መሬት በውርጭ ድንጋይ ሆኖ ዶማ እምቢ ስላለ፣ አፈሩን በባሩድ እየፈነቀሉ ጓሉን በጋሪ እያመጡ ደፉት። አንዳንዱ ጓል በግ ያህል ነበር። በክረምቱ ሙሌቱ እንደ ግንብ ስለጠና ሐዲድ ተዘርግቶበት ባቡር ተመላለሰበት። መጋቢት ገብቶ ፀሐይዋ ስትበረታ ግን ሃስኬት ምሥራቁ ጫፍ ላይ ቀይ ባንዲራ ተከለና ከእጅ ጋሪ በቀር ምንም አይለፍ አለ።

ዛሬ ባንዲራው ሊነቀል ነው። የግንባታው አለቃ ካፒቴን ትሬድዌል ትናንት በቴሌግራፍ አዟል፦ ሐዲድ የጫነው ባቡር ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ሃስኬት ሙሌቱ ደህና መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ፈርሞ ይጠብቅ። ባቡሩ ላይ ሐዲድ የሚዘረጉት ሰዎች አሉ፤ ሰማንያ አራት ናቸው። አለቃቸው ኮርኒሊየስ ጋሪቲ የማላኪ ሚስት ወንድም ነው።

ሰባተኛው ካስማም እንደ ትናንቱ ሆነ። ሃስኬት እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ።

«አበቃ። ወረቀቱን ልጻፍ።»

ማላኪ ወደ ምሥራቁ ጫፍ ተመልሶ ፒፓውን ከኪሱ ሊያወጣ ዘንጉን ከሐዲዱ አጠገብ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ አቆመ። ድንጋዩ እስከ ትናንት ድረስ በረዶ ለብሶ ነበር። ሃስኬት መነጽሩን ሊነቅል እጁን ዘርግቶ፣ እንደ ልማዱ አንዴ በውስጡ አየ።

«አትንቀሳቀስ!»

ማላኪ ፒፓውን በጥርሱ ይዞ ደረቀ።

«የት ላይ ነው ያቆምከው?»

«ድንጋዩ ላይ ነው፣ ጌታዬ። ፒፓዬን ላውጣ ብዬ ነው።»

«ከዘንጉ ሥር ምን አለ?»

ማላኪ ጎንበስ አለ። ድንጋዩ ላይ በመሮ የተፈለፈለች ትንሽ መስቀል አለች። መስመሩን መጀመሪያ የቀየሱት ሰዎች ባለፈው መከር የተዉአት ምልክት ናት።

«መስቀሏ ናት።»

«ስድስት ከዜሮ አራት» አለ ሃስኬት ለራሱ። ቦርሳውን ከፍቶ የጥሩን ደብተር አወጣና ገጽ በገጽ ገለበጠ። አንድ ገጽ ላይ ጣቱ ቆመ፤ ከዚያ ማላኪ የሚፈራው ዝምታ መጣ።

«ችካሉን የተከልክ ቀን ሁለቱንም ለክቼ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ችካሉ ከመስቀሏ በሁለት ጫማ ከአሥር ዝቅ ይል ነበር። አሁን በሦስት ጫማ ከሃያ ሰባት ይወርዳል። አሥራ አራት ኢንች ተጨምሯል። ወይ ድንጋዩ ተነስቷል፣ ወይ ችካሉ ወርዷል፣ ወይ መነጽሩ ይዋሻል። ድንጋይ አይነሳም።»

«ችካሉስ?» አለ ማላኪ። ድምፁ ለራሱ እንግዳ ሆነበት።

«ችካሉን ድፍን መሬት ላይ ነው የተከልከው። ስለዚህ የቀረው መነጽሩ ነው። ማክሰኞ ዕለት ዕቃችንን የምትጭነው በቅሎ ገፍታዋለች። ና፣ እንፈትነው።»

መነጽር መፈተን ጊዜ ይፈጃል። ኮረብታው ላይ ሁለት ካስማ ተመትቶ፣ መጀመሪያ ከመሐላቸው፣ ከዚያ ከአንዱ ጎን ይነበባል፤ ሁለቱ ንባቦች ካልተስማሙ መነጽሩ ተዛንፏል ማለት ነው። ማላኪ ከአንዱ ካስማ ወደ ሌላው እየሮጠ መነጽሩ የተዛነፈ ይሆን ዘንድ ለመነ። ብሎን በማጥበቅ የሚድን ነገር ይሁን እያለ ለመነ።

ያቺ የጥር ቀን መጥታ ፊቱ ተደቀነች። በረዶው እስከ ወገብ ነበር። ሃስኬት ችካሉንና መዶሻውን አስይዞት፣ «ከሙሌቱ ወጣ ብለህ ድፍን መሬት ላይ ምታው። መሬቱን በመዶሻው ታውቀዋለህ፤ እምቢ ይልሃል» ብሎ ላከው። እውነትም እምቢ አለ። በመጀመሪያው ቦታ ችካሉ ነጥሮ ወደቀ። በሁለተኛው የችካሉ ጫፍ ተሰነጠቀና እንደገና በመጥረቢያ ጠረበው። በሦስተኛው የግራ እጁ ሁለት ጣቶች እንደ ሻማ ነጡ፤ ከዚያ በኋላ አልተሰሙትም። በአራተኛው ቦታ ችካሉ ገባ። ያኔውኑ ገርሞት ነበር። ከበረዶው በታች የኮረብታው መሬት የት አልቆ የተደፋው ጓል የት እንደሚጀምር በዓይን አይለይም። ማወቂያው መዶሻው ብቻ ነው፤ መዶሻው ደግሞ ነግሮታል። «ድፍን ነው?» ብሎ ሃስኬት ከነፋሱ በላይ ሲጮህ፣ «ድፍን ነው!» ብሎ መለሰ። ጣቶቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ ወደ እሳቱ ሮጠ። ዋናው ነገር ያ እሳት ነበር።

ሃስኬት ከመነጽሩ ላይ ቀና አለ። ሃምሳ ደቂቃ አልፏል።

«ደህና ነው። ጤነኛ ነው።» ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን አሸ። «እንግዲህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?»

«የጥሩ ንባብ ነው። ያን ቀን ትንፋሼ መስታወቱ ላይ በረዶ እየሠራ እያስቸገረኝ ነበር። አንድ ጫማ ስቼ አንብቤአለሁ ማለት ነው።» ይህን ሲል ፊቱ ቀልቷል። «በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ጫማ ስቼ አላውቅም፣ ዶሊን። ለማንም አትንገር።»

ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ከምሥራቅ፣ ከሸለቆው መታጠፊያ ጀርባ፣ የባቡር ፊሽካ ተሰማ።

ማላኪ ዝም ቢል ምን እንደሚሆን ያውቃል። ምናልባት ምንም አይሆንም። ሙሌቱ እስከ ዛሬ ቆሟል። የሐዲዱ ጠጋኞች ጫፉ ዝቅ ያለ ሲመስላቸው በየጠዋቱ ጠጠር ይጨምራሉ፤ በፀደይ ጠጠር የማይጨመርበት ሐዲድ ደግሞ የለም። ይህ ሰው ግን ያልሠራውን ስህተት የእኔ ነው ብሎ እየወሰደ ነው፤ ጋሪቲም እየመጣ ነው።

«አይፈርሙ፣ ሚስተር ሃስኬት።»

«ለምን?»

«ችካሉ ድፍን መሬት ላይ አይመስለኝም።»

«አይመስልህም? ወይስ አይደለም?»

«በአሥራ ዘጠኝ የመዶሻ ምት ገባ።»

ሃስኬት እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። «በውርጭ አገር፣ በጥር ወር፣ በአሥራ ዘጠኝ?»

«ከዚያ በፊት ሦስት ቦታ እምቢ አለኝ።»

«አራተኛው እሺ አለህ።»

«እሺ አለኝ፣ ጌታዬ።»

«እኔን ደግሞ ድፍን ነው አልከኝ።»

«አልኩዎት።»

ማላኪ፣ ሃስኬት እንደገና ዝም ይላል ብሎ ጠበቀ። አላለም። «አካፋ አምጣ» አለ።

ከችካሉ ጎን ቆፈሩ። የላዩ አንድ ጫማ ደረቅ አፈር ነበር። ከዚያ በታች አካፋው እንደ ገንፎ ባለ ጭቃ ውስጥ ጠለቀ፤ በጭቃው ውስጥ ገና ያልቀለጡ ጓሎች ይንሳፈፋሉ። ሃስኬት እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ አንድ ነገር ጎትቶ አወጣ፤ ጫፉ የተቃጠለ የባሩድ ክር ነው። እግዜር በፈጠረው መሬት ውስጥ የባሩድ ክር አይገኝም።

«ችካሉ ከሙሌቱ ጋር አብሮ ሲወርድ ነበር» አለ ሃስኬት ክሩን እያየ። «አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንዱን ተጓዥ ከሌላው ተጓዥ ጋር እያስተያየሁ ሁለቱም ቆመዋል ስል ከረምኩ።»

ባቡሩ መታጠፊያውን ዞሮ ብቅ አለ። እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ከላይ የሰፋው ጭስ ማውጫው እየተነፈሰ፣ ከኋላው ሐዲድ የጫኑ ስድስት ፉርጎዎችና ሰዎቹ የሚያድሩባቸው ሁለት ረጃጅም ፉርጎዎች ተከትለው፣ ቀዩ ባንዲራ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጣሪያው ላይ ሳይቀር ሰው ተቀምጧል።

ካፒቴን ትሬድዌል ባቡሩ ጨርሶ ሳይቆም ነበር ዘሎ የወረደው። ጦርነቱ ካለቀ አራት ዓመት ቢሆነውም የወታደር ካባውን አላወለቀም።

«ወረቀቱ።»

«ወረቀት የለም፣ ካፒቴን» አለ ሃስኬት። ጭቃ እስከ ክርኑ ድረስ ለብሶታል። «ሙሌቱ አሥራ አራት ኢንች ወርዷል።»

ከጣሪያው ላይ አንዱ፣ «ምነው? ጉንፋን ያዘው እንዴ?» አለ። ሰዎቹ ሳቁ።

«ትናንት በቴሌግራፍ ምን አልከኝ?»

«አልወረደም አልኩ።»

«ከትናንት በስቲያስ?»

«እንደዚያው።»

«አሥራ አንድ ቀን አልወረደም የሚል ሃስኬት አለ። ዛሬ ጠዋት ወርዷል የሚል ሃስኬት አለ። የትኛውን ልመን?»

ሃስኬት ችካሉን አሳየው፤ የባሩዱን ክር አሳየው፤ በአጭሩ ተረከለት። ማላኪ ይህን ሁሉ አፈር አፈር እያየ ሰማ። ስሙ ሲጠራ ሳቁ ቆመ።

ጋሪቲ ከፊተኛው ፉርጎ ዘሎ ወረደ። ሐዲድ ሲሸከም የኖረ ሰው ነው፤ ትከሻው ከበር አይገባም። ማላኪ ፊት ቆመ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አማቼ።»

«በዚህ ላይ እኮ ስንመላለስ ከርመናል!»

«ያኔ በረዶው ይዞት ነበር።»

«እና አንተስ ምን ይዞህ ነበር? ምላስህንም በረዶ ይዞት ነበር?»

ማላኪ ሁለቱን የግራ ጣቶቹን በቀኝ እጁ ጨበጠ።

ካፒቴኑ ግን ወደ ምዕራብ እያየ ነበር። ከሙሌቱ ማዶ ዘጠኝ ማይል ላይ ሐዲዱ አልቋል፤ የሚዘረጋ አንድም ብረት አልቀረም። ከወዲያ ደግሞ ከካሊፎርኒያ የተነሳው ሌላው ኩባንያ እየመጣ ነው፤ የሰዎቹ ድንኳን ከሸለቆው አፍ ይታያል። መጀመሪያ የደረሰ ሸለቆውን ይይዛል።

«አሥራ አራት ኢንች» አለ ካፒቴኑ። «ካስማዎቹ ሁሉ እኩል ነው የወረዱት?»

«ሁሉም እኩል።»

«እንግዲያማ ጥሩ ነው። ማንኛውም ሙሌት በፀደይ ይረጋል። እኩል ረግቷል።»

«የሚረጋ ሙሌት መሐሉ ነው አብዝቶ የሚወርደው፤ አፈሩ የሚበዛው እዚያ ነውና» አለ ሃስኬት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ይሄ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ልክ ነው የወረደው። እየረጋ አይደለም፣ ካፒቴን። ከሥሩ ያለው በረዶ ቀልጦ እንዳለ እየሄደ ነው።»

ባቡር ነጂው ኢዝራ ፕላት በባቡሩ ሞተር መስኮት አንገቱን አወጣ፤ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ነው።

«ሰዎቹ ይውረዱና በጅረቱ በኩል ይሻገሩ» አለ። «እኔ ቀስ አድርጌ ብቻዬን ላሳልፋት። ከዚህ የባሰ አሳልፌአለሁ።»

«ጥሩ» አለ ካፒቴኑ። «ውረዱ!»

ሰዎቹ እያጉረመረሙ ወረዱ። ሃስኬት ካፒቴኑ ፊት ቆመ።

«አምስት ደቂቃ ይስጡኝ። መነጽሩን ድንጋዩ ላይ፣ ዘንጉን ሙሌቱ ላይ አቆማለሁ። ፕላት የሞተሩን የፊት ጎማዎች ብቻ ያስገባ። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ እፈርማለሁ።»

«ከተንቀሳቀሰስ?»

«ከተንቀሳቀሰ እርስዎ ራስዎ በመነጽሩ ያዩታል።»

ካፒቴኑ ሰዓቱን አወጣ። «አምስት ደቂቃ። ዘንጉን ማን ይይዛል?»

ማንም ስም አልጠራም። ማላኪ ዘንጉን አነሳና በሐዲዶቹ መሐል ወደ ሁለተኛው ካስማ መሄድ ጀመረ። ሠላሳ እርምጃ ያህል ሲቀረው ከኋላው ሩጫ ሰማ። ጋሪቲ ነው፤ ረጅም ገመድ ይዟል። ማላኪን ወገቡ ላይ አሠረው፤ ቋጠሮውን ሁለቴ ጎትቶ አጠበቀ።

«አመሰግናለሁ፣ አማቼ።»

«ለአንተ ብዬ መሰለህ? እህቴ ባሌ የታለ ስትለኝ ቢያንስ ሬሳውን ላሳያት ብዬ ነው።» ገመዱን እየለቀቀ ወደ ድንጋዩ ተመለሰና ከስድስት ሰዎች ጋር ጫፉን ያዘ።

ማላኪ ዘንጉን ካስማው ላይ አቆመ። ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው ያለበት፤ ዘንግ ከዘመመ ቁጥሩ ይዋሻል። አፍንጫውን ወደ ዘንጉ አስጠጋ፤ ሌላ ምንም ማየት አልፈለገም።

«አምስት ከአርባ ሁለት!» አለ ሃስኬት። «ፕላት፣ ና!»

ሞተሩ ተነፈሰ። የፊት ጎማዎቹ ከድፍኑ መሬት ወደ ሙሌቱ ሲገቡ ሐዲዱ እግሩ ሥር በቀጭኑ አቃሰተ።

«አምስት ከአርባ ሁለት!»

ማላኪ አየር ሳበ። አፈሩ ጸጥ ብሏል። ሙሌቱ ውስጥ ያለውን ውሃ እንኳ አሁን አይሰማውም።

«ከአርባ ሁለት! ከአርባ ሦስት!»

«አንድ ጭረት» አለ ካፒቴኑ። «ነፋስ ነው።»

«ከአርባ አምስት!»

ማላኪ ቁልቁል አየ። ካስማው እንዳለ ነው፤ ጠጠሩ እንዳለ ነው። አንድም ስንጥቅ የለም። ዓይኑን ቢያምን ቤት ሠርቶ ይኖርበት ነበር። በመላው ዓለም ይህ መሬት እየሄደ እንደሆነ የሚያውቀው ከሃምሳ እርምጃ ማዶ ያለው የሃስኬት ዓይን ብቻ ነው።

«ከአርባ ስምንት! ፕላት፣ መልስ! መልስ!»

ነጂው ቃሉ ሳያልቅ ነበር መልሶ የሳበው። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ወደ ኋላ ተጎተተ፤ ጎማዎቹ ድፍኑ መሬት ላይ ወጡ። ሃስኬት ከመነጽሩ ገለል አለ።

«ይዩት፣ ካፒቴን። ክብደቱ ተነስቷል፤ አሁን መቆም አለበት።»

ካፒቴኑ ካባውን ወደ ኋላ ጥሎ ዓይኑን አስጠጋ። ማላኪ ሁሉም እንዳበቃ ገመተ። እጆቹ ዘንጉ ላይ ላሉ።

«አምስት ከሃምሳ አንድ» አለ ካፒቴኑ። «ሃምሳ አምስት።» ድምፁ ወደ ታች ወረደ። «ሃስኬት፣ አይቆምም። ስልሳ ሁለት። ከስልሳ…»

ቀና ብሎ በወታደር ጉሮሮው ጮኸ።

«ጣለው! ዘንጉን ጥለህ ሩጥ!»

ማላኪ ዘንጉን ጣለው። ሦስት እርምጃ ሮጠ፤ አራተኛው እርምጃ መሬት አላገኘም። ሙሌቱ አልተደረመሰም። አራት መቶ ጫማው ሙሉ፣ ሣር እንደጫነ ጋሪ፣ ሳይቸኩል ወደ ጅረቱ ጎን ሄደ፤ ድምፁ የመጣው ዘግይቶ ነው። ገመዱ ወገቡን ቆረጠው። አፉ ጭቃ ሞላ፤ አንድ ነገር ጉልበቱን መታው፤ ከዚያ ሰባት ሰዎች እንደ ጆንያ እየጎተቱት ድንጋዩ ላይ አወጡት።

ዓይኑን ሲጠርግ ሙሌት የለም። ሐዲዶቹ ብቻ ከነአግዳሚ እንጨታቸው በባዶ አየር ላይ እንደ መሰላል ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ፤ ከሥራቸው ስልሳ ጫማ ጥልቀት ላይ ላርክ ክሪክ የተከመረበትን አፈር መዞሪያ እየፈለገ ነው። ሰማንያ አራቱ ሰዎች በአንድ መስመር ቆመው ያያሉ። ኢዝራ ፕላት ከሞተሩ ወርዶ የፊት ጎማውን በመዳፉ እየደባበሰ ነው። ካፒቴን ትሬድዌል ሰዓቱን በእጁ እንደያዘ ነበር፤ ሳያየው ወደ ኪሱ መለሰው።

ሃስኬት ጎንበስ ብሎ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ያለፉትን አሥራ አንድ ገጾች አንድ በአንድ በሰያፍ መስመር ሰረዘ፤ በእያንዳንዱ ሥር የራሱን ስም ጻፈ። የማላኪን ስም አልጻፈም።

«ችካሉን ሄጄ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለ ቀና ሳይል። «ነገ ዘንግ የሚይዝ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፣ ዶሊን። ይህን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

ማላኪ ለመነሳት ሞከረ። ገና በአንድ ጉልበቱ እንዳለ ጋሪቲ መጣና በቡጢ አገጩ ላይ አሳረፈበት። ማላኪ በጀርባው ጭቃው ውስጥ ተዘረጋ። ማንም ለመገላገል አልተንቀሳቀሰም። ጋሪቲ ሁለተኛውን ሊመታ እጁን አነሳ። ከዚያ እጁን አውርዶ አጠገቡ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

ማላኪም ተነስቶ ተቀመጠ፤ ጎን ለጎን ሆነው የተንጠለጠሉትን ሐዲዶች ተመለከቱ።

«እህቴ ኖራ ይህን መስማቷ አይቀርም» አለ ጋሪቲ በመጨረሻ። «ከእኔ ሰዎች አንዱ ኦማሃ ሲመለስ ይነግራታል። ጨምሮ ነው የሚነግራት።»

«ይነግራታል።»

«ቀድመህ ጻፍላት። እኔ መጻፍ አልችልም።»

ማላኪ ደሙን ተፋና አፉን በእጅጌው ጠረገ። «ምን ብዬ ልጻፍ? ሙሌቱ ሄደ፣ ሁላችንም ደህና ነን ልበላት?»

ጋሪቲ ጭቃውን ከጉልበቱ ላይ በጥፍሩ እየፋቀ ቆየ።

«ከጥር ጀምር» አለ።